ምስጥ የማይደፍረው ጣውላ

ልብስ ሰፊዋና ባሏ ቤት ሲሠሩ ሰፈሩ መሳቂያ አድርጓቸው ነበር። ባልየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ሬዲዮ ሲሰማ ስለሚውል የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። አንድ ሰሞን ሬዲዮው ለጤናም ለአካባቢም ስለሚስማማ ቤት ተከታታይ ዝግጅት አቀረበና ሚስቲቱ ላይ መዘዝ መጣባት። መስኮት ፀሐይ ወደምትወጣበት ይዙር ተባለ፤ ዞረ። የዝናብ ውሃ አይባክን ተባለ፤ ከጣሪያው ሥር በርሜል ተደረደረ። የጓዳ ጥራጊ ይቀበርና አፈር ይሁን ተባለ፤ ጓሮው ተቆፈረ። ውሃ በፀሐይ ይሙቅ ተባለና ጣሪያው ላይ ጥቁር ታንከር ወጣ። ደመና የሆነ ቀን ቤተሰቡ እየተንቀጠቀጠ ሲታጠብ፣ ሹፌሩ ይሄ ለደም ዝውውር ፍቱን ነው እያለ ያጽናናል። ጎረቤት ቤቱን "ክሊኒኩ" ብሎ ሰየመው። እሱም እንደ ምርቃት ተቀበለው።

ከቤቱ ሁሉ ግን ሰው ሊያይ የሚመጣው የልጃቸውን የሚጡን ክፍል ነበር። እሱን የሠሩት የልብስ ሰፊዋ አባት ናቸው።

አባትየው ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ሲልጉ የኖሩ አናጺ ናቸው። ሰፈሩ የሚያውቃቸው በስማቸው ሳይሆን "አይጣልም" በሚለው ቅጽል ነው። የተሰበረ የወንበር እግር ይሁን የተጣመመ ምስማር፣ ወይም ግማሹ የጠፋ ማጠፊያ፣ ሰው ሊጥል ሲያነሳ ካዩ "ኧረ አይጣልም" ብለው ከእጁ ይቀበሉታል። ግቢያቸው ውስጥ ያለው የቆርቆሮ ዕቃ ቤት በዚህ ዓይነት ኮተት ተጠቅጥቆ በሩ መዘጋት ካቆመ ቆይቷል። ሚስታቸው፣ እኔንም እስከዛሬ ያልጣለኝ በዚሁ ጠባዩ ነው እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

ሰዉ ሁሉ ተገጣጣሚ ዕቃ ከሱቅ መግዛት ከጀመረ ወዲህ ግን የአናጺው ሥራ ቀዘቀዘ። መጋዙ ተሰቅሎ ቀረ። እጃቸውም መንቀጥቀጥ አመጣ፤ እሳቸው ብርድ ነው ይላሉ። በራቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ሲውሉ ማየት የልጃቸውን አንጀት ይበላት ነበር። ስለዚህ ሚጡ ከእናት አባቷ አልጋ ወርዳ ለብቻዋ የምትተኛበት ጊዜ ሲደርስ አናጺው "የልጅ ልጄን ክፍል ግድግዳ በጣውላ የማለብሰው እኔ ነኝ" ብለው መላጊያቸውን ይዘው ሲመጡ ልብስ ሰፊዋ በደስታ አለቀሰች።

ጣውላውን ከየት እንዳገኙት ያወሩት በኩራት ነው። ከተማው ዳር አንድ አሮጌ መጋዘን ሲፈርስ ደርሰው፣ አፍራሾቹ ለማገዶ ሊፈልጡት ሲሉ ነው ያስጣሉት። ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ጣውላ ነው።

"ያን ሁሉ ዘመን ቆሞ ምስጥ አልደፈረውም" አሉ በመዳፋቸው እየደባበሱት። "እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ ከየት ይመጣል?"

ሹፌሩም አንድ ዛፍ ሳይቆረጥ ግድግዳ ተገኘ ብሎ ጮቤ ረገጠ። አማችና አማት በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። የሬዲዮው ምክርና የሽማግሌው ቁጠባ ሳይቀጣጠሩ አንድ ቦታ ተገናኙ።

አናጺው ጣውላውን ላጉት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ሲነኩት ቆዳ እስኪመስል አለሰለሱት። ሥራው ሲያልቅ ጎረቤት እየመጣ ግድግዳውን ይዳስስ ጀመር። እሳቸው ጥግ ይዘው ይቆሙና ሰው ሲያደንቅ ያልሰሙ መስለው ይሰማሉ። ያን ሰሞን እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ወይም ለልጃቸው እንደዚያ መሰላት።

ሚጡ እዚያ ክፍል መተኛት በጀመረች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሳል ያዛት። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለና በሙቅ ውሃና በማር ታለፈ። ቀጥሎ ደረቷ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ጠዋት ስትነሳ ዓይኗ ቀልቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ "እማዬ፣ አየሩ እምቢ አለኝ" ትላለች። ይህን የምትለው እንደ ጨዋታ ነው፤ እናቷ ግን በሰማች ቁጥር ልቧ ቀጥ ይላል። ሐኪም ቤት ሲወስዷት ሐኪሟ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠቻትና ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር ካለ ጠየቀች። ሹፌሩ ተቆጣ። እኛ ቤት መርዝ የሚባል ነገር ደፉን አይረግጥም፣ ሳሙናችን እንኳ ተመርጦ ነው የሚገባው አለ።

ይሁን እንጂ ቤት እንደገባ ጠላት ፍለጋ ጀመረ። ምንጣፉ ወጣ። ትራሱ ተቀየረ። እንዳይነኩበት ሲጠብቃቸው የኖሩ የአበባ ማሰሮዎች ለጎረቤት ታደሉ። የጓሮው ጉድጓድ ተደፈነ፤ ምንም ያላጠፋች የጎረቤት ድመት በመጥረጊያ ተባረረች። ልጅቷን ግን ባሰባት። ሹፌሩን ይበልጥ ያበሸቀው ደግሞ ሚጡ አክስቷ ዘንድ ስታድር ደህና መሆኗ ነው። የአክስትየው ቤት ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ አቧራውንም ጭሱንም ሲጠጣ ይውላል። ሹፌሩ እዚያ ቤት ጤና ያለው ሰው ሊኖር አይችልም እያለ ሲያማው የኖረ ቤት ነው።

ነገሩ የተገለጠው በልብስ ሰፊዋ ካውያ ነው። አንድ ጠዋት ለሚጡ ክፍል አዲስ መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለች። ጫፉ ተጨማዶ ስላስጠላት እዚያው እንደተሰቀለ በእንፋሎት ልትተኩሰው ካውያውን አስጠጋች። እንፋሎቱ ጨርቁን አልፎ ጣውላው ላይ አረፈ። ወዲያው ሽታ ተነሳ። የእንጨት ሽታ አይደለም፤ ትኋን ሊገድሉ የሚረጩት ዓይነት፣ ጣፈጥ ብሎ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ነው። ካውያውን አስቀምጣ አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ጣውላ እንደዚያው ይሸታል። ጥላ ውስጥ ያለው ግን ምንም አይልም። ባሏ ለጤና ብሎ ያዞረው መስኮት በየጠዋቱ ፀሐይ እያስገባ ያን ነገር ከእንጨቱ ውስጥ ሲያወጣው ኖሯል። ምስጥ ለምን እንዳልደፈረውም ያኔ ገባት፤ የሚጡ አልጋ ላይ ቁጭ አለች።

ሳታረጋግጥ አፏን ልትከፍት አልፈለገችም። መጋዘኑ የነበረበት ቦታ ሄደች። ባዶውን መሬት የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ አገኘችና ድሮ ምን ይቀመጥበት እንደነበር ጠየቀችው። የእርሻ ፀረ-ተባይ ነበር አላት። ከረጢቱ እየተቀደደ፣ በርሜሉ እያፈሰሰ፣ ወለሉም ግድግዳውም ሲጠጣው የኖረ ቤት ነው፤ ሲፈርስ አፍራሾቹ እንኳ አፍና አፍንጫቸውን አስረው ነው የሠሩት። ምነው፣ እንጨቱን ወሰዳችሁ እንዴ ሲላት ፊቷን አዙራ ሄደች።

የዚያን ዕለት ሚጡ ከእነ ልብሷ ወደ አክስቷ ተላከች። ባልና ሚስት ክፍሉን ዘግተው ተነጋገሩ። ሹፌሩ ፊቱ አመድ መስሏል። ማቃጠል አይቻልም፣ ጭሱ ሰፈሩን ይፈጃል አለ፤ መቅበርም ውሃውን ይበክላል። የከተማው ጽዳት ክፍል እንዲህ ያለ ነገር የሚረከብበት ቦታ ካለው ጠይቄ እንዲያነሳው አደርጋለሁ አለ። እስከዚያ ድረስ ግን አንድ ነገር መደረግ አለበት።

"ለአባትሽ ንገሪያቸው" አላት።

"አልችልም።"

"አባት ናቸው እኮ። አውቀው አላደረጉትም፤ ማን ይወቅሳቸዋል?"

ማንም አይወቅሳቸውም፤ ራሳቸውን ግን ይወቅሳሉ። የልጅ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው እንደመረዙ ካወቁ ያቺ የተረፈቻቸው ቅስም እንደምትሰበር አልተጠራጠረችም። ከዚያ በኋላ መላጊያ አያነሱም። ደግሞም እሷ ራሷ ሁለተኛ ልጅ አርግዛለች፤ ሆዷ ገና ገፋ ማለት ሲጀምር አባቷ ለሚመጣው ሕፃን አልጋ እሠራለሁ ብለው ንድፍ ሲሞነጫጭሩ ሰንብተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ እንዴት ብላ ትንገራቸው? ይሉኝታ ሰውን እጅ እግሩን የሚያስረው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ደግነት መስሎ ይመጣል፣ ለሌላው የሚታሰብ ይመስላል፣ የሚያስከትለውን ሲያስከትል ደግሞ የሚዳኝ አይገኝም። ልብስ ሰፊዋ ውሸት መረጠች፤ ከውሸትም ለስለስ ያለውን። ባሌ ክፍሉ ጨለመበትና ጣውላው ተነስቶ ግድግዳው ነጭ ቀለም ይቀባ አለ ብላ ነገረቻቸው።

 አናጺው ሹፌር ስለ እንጨት ምን ያውቃል ብለው ሊስቁ ሞከሩ። ሳቁ አልመጣላቸውም። በማግስቱ ጠዋት ጋሪ ተከራይተው ጉጠታቸውን ይዘው መጡ፤ ሹፌሩ ሥራ ላይ ነበር። ሰው አይነካብኝም ብለው ራሳቸው አንድ በአንድ ነቀሉት። በየቦታው ቆም እያሉ ያስላሉ፤ አቧራው ነው ይላሉ። እሷ በር ላይ ቆማ ታያለች።  አባቷ ጣውላውን አቅፈው ወደ ጋሪው ሲያመላልሱ፣ አባዬ ተወው፣ የሚወስደው ሰው አለ አለቻቸው።

"ማን ነው የሚወስደው?"

"የጽዳት ሰዎች።"

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ውስጥ ያየችው ንዴት ቢሆን ይሻላት ነበር። "ልጄ፣ እናንተ ባትፈልጉት እኔ እፈልገዋለሁ። ይሄ ቆሻሻ አይደለም" አሉ።

እዚያ ላይ መናገር ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሷል። ባለጋሪው ግን ቆሞ ይሰማል፣ የአባቷ እጅ ከወትሮው ብሶ ይንቀጠቀጣል፣ ጎረቤትም አጥር ላይ አንገቱን አስግጓል። የዕቃ ቤቱ ኮተት ላይ ይከምሩታል፣ ሰው አይተኛበት፣ ማንን ይጎዳል ብላ ራሷን አታለለች። ጋሪው እየተንቋቋ ሄደ፤ እሷም ዝም ብላ ሸኘችው። ባሏ ማታ ሲሰማ ራሱን ይዞ ቁጭ አለና ነገ ሄጄ እኔ እነግራቸዋለሁ አለ። እሷ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ እርጉዝ ሰው ነኝ አታስጨንቀኝ አለችው። እሱም በገዛ ቤቱ የቀለም ሰበብ መሆኑ ሳያንስ ዝም እንዲልም ተስማማ። ጽዳት ክፍል ያለውን ሰው አግኝቶ የአማቱ ዕቃ ቤት ድረስ እስኪያመጣው ብቻ ነው ብሎ ነበር። ሰውየው ዛሬ ነገ ሲለው ጊዜው ሄደ።

ግድግዳው ተፋቀ፣ በኖራ ተለሰነ፣ መስኮቱ ሌት ተቀን ተከፍቶ ከረመ። ሚጡ ተመለሰች። ሳሏ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን መጥፋቱን ያስተዋሉት ከጠፋ በኋላ ነው። ጠዋት ተነስታ ትሮጣለች፣ ትጮሃለች፣ አየሩን አታነሳውም። ደስታ ግን ቤቱን ሙሉ በሙሉ አልገባበትም። አባትየው ተቀይመው ቀሩ። መምጣት ተዉ፤ የሕፃኑን አልጋ ነገርም አላነሱትም። እሷም ፊታቸውን ለማየት ስላፈረች ሥራ በዛብኝ፣ እርግዝናው ከበደኝ እያለች በስልክ ብቻ ትጠይቃለች። ጣውላው የት ነው ብላ እናቷን አንዴ ጠይቃ ነበር። እናትየው አባትሽ እንጨቱን የት እንደሚያኖር መቼ ይነግረኛል ብለው በሳቅ አሳለፉት።

ከዚያ እናቷ በስልክ ሲያስሉ ሰማች። ጉንፋን ነው አሏት። በሌላ ቀን ስትደውል ራስ ምታቱ አላስተኛኝ አለ አሏት። ደግሞ ሌላ ቀን፣ የምግብ ፍላጎቴ ተዘጋ፣ እርጅና ነው መሰለኝ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ሐኪም ቤት ሂጂ ብላ ተቆጣች። እናቷ መለሱ፤ ድምፃቸው ሰልሏል፣ ደስታ ግን ነበረበት።

"ብትመጪ ጥሩ ነበር። አባትሽ እኮ መኝታ ቤታችንን አሳመረው። ያንን የሚጡን ጣውላ ለግድግዳው አለበሰው። ድሮ ጎጆ ስንወጣ ልሠራልሽ ያልኩሽን ነው የሠራሁልሽ አለኝ። ሥራ በማግኘቱ ሰው ሆኗል።"

ስልኩን እንዴት እንደዘጋችው አታስታውስም። መርፌው ጨርቅ ላይ እንደተተከለ፣ የስፌት መኪናውን ሳትከድን፣ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ወጣች። አውቶቡሱ በየፌርማታው ሲቆም የማታውቀውን ነጂ ልታንቀው ቃጣት። የእናቷ ሕመም ከመቼ እንደጀመረ በልቧ ልታሰላ ትሞክራለች፣ ትፈራና ትተወዋለች።

አባቷ በሩን ከፈቱላት። ቅያሜያቸውን ለመያዝ ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ ሆዷን ሲያዩ ግን አልቻሉበትም። እናትሽ ተኝታለች፣ ቀስ በይ አሏት። አልፋቸው ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። ሽታው በሩ ላይ ተቀበላት። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ጣውላ ለብሷል። ከሚጡ ክፍል ይበልጥ አምሯል፤ አባቷ አዲስ ጠርዝ ሠርተውለታል፣ አሳምረው ዘይት ቀብተውታል። እናቷን ንፋስ እንዳይመታቸው ተብሎ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል። እናቷ እስከ አገጫቸው ተሸፋፍነዋል። ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጉንጫቸው ገብቷል። ትንፋሻቸው ሲር ሲር ይላል። ያን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ስንት ሌሊት ሚጡ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ሰምታዋለች።

መስኮቱን በረገደችው። አባቷ "ንፋስ ይመታታል" ብለው ሊዘጉ መጡ። እጃቸውን ያዘች።

"አባዬ፣ ጣውላው መርዝ አለበት።"

አልገባቸውም። ደገመችላቸው። ስለ ካውያው፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ከረጢቱና ስለ በርሜሉ፣ ስለ ሚጡ ደረት ሁሉንም ተናገረች። አንዴ ከጀመረች በኋላ ማቆሚያው ጠፋባት። አባቷ አላቋረጧትም። ግድግዳውን ያዩታል፤ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ጣውላ በጣውላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩት ሁሉ። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ከመነቀሉ በፊት።"

"ጋሪ ላይ ስጭነው ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

እንዲቆጧት ጠበቀች። ቢመቷትም ደስ ይላት ነበር። አባቷ ግን አልጋው ላይ ያሉትን ሚስታቸውን አይተው፣ ከዚያ እሷን አዩ።

"ምነው ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "ይህን ያህል ደካማ መስዬ ታየሁሽ?"

 ዝም ያልኩት ለአንተ ብዬ ነው ማለት አማራት፤ ቃሉ ግን የእናቷ ትንፋሽ በሚሰማበት ክፍል ውስጥ አልወጣ አላት። አባትየው ብርድ ልብሱን ገለጡ። ሚስታቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው አስነሱ፣ በረንዳው ላይ አውጥተው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፣ ትከሻቸውን ሸፈኑ። ሐኪም ቤት አሁኑኑ ነው የምንሄደው፣ ለባልሽ ደውይ፣ መኪና ይፈልግ አሏት። ደወለች። ሹፌሩ ምንም ሳይጠይቅ መጣሁ አለ።

መኪናው እስኪደርስ አባቷ ጉጠታቸውን አነሱ። እሷም መዶሻውን ይዛ ተከተለቻቸው። ደፉ ላይ ዞር ብለው ሆዷን አዩ።

"አንቺ እዚህ አትግቢ።"

"ልርዳህ፣ አባዬ። እኔ ያመጣሁት ነው።"

"አትግቢ አልኩሽ። ያ የሚያድገው ልጅ ይሄን አይሽተት።"

በሩን ዘጉት። እሷ በረንዳው ላይ ከእናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። የመጀመሪያው ጣውላ ከግድግዳው ሲላቀቅ ጮኸ፤ ከዚያ ሁለተኛው። በመሃል ሳል ተሰማ። ደረቅ፣ ረጅም፣ ከሥር የሚነሳ ሳል። ጉጠቱ ዝም አለ፤ ሳሉ ግን ቀጠለ።

ልብስ ሰፊዋ እናቷን ቀና ብላ አየች።

"እሱም ሲያስለው ነው የሰነበተው" አሉ እናቷ። "ከኔ የባሰው እሱን ነው። እርጉዝ ናት፣ አታስደንግጫት፣ እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነው።"

ዘላ ተነስታ በሩን ገፋች። አባቷ ከውስጥ ቀርቅረውታል።